ከድብና ከጭራሮ ትልቁ የቱ ነው?

አሮጊቷ የአደን ውሻ «ከእንግዲህስ አትወልድም» ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠባት በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቃት ሁለት ወንድ ቡችሎች ዱብ አደረገች። ባለቤቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ጫካው ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። የአካባቢው አትክልት አልሚዎች ከርከሮ ሲመጣባቸው የሚጮኹት ወደ እሳቸው ነበር። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ያላቸው እሳቸው፣ ከርከሮን ከጥሻ የምታስነሳ ውሻ ያለቻቸውም እሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን ግን ውሻዪቱ አርጅታ፣ ከርከሮ ቀርቶ ድመት ስታይ እንኳ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ሂጂ እባክሽ» የምትል ዓይነት ሆናለች። ስለዚህ የቡችሎቹ መወለድ ሽማግሌውን በደስታ አሰከራቸው። ጡት እስኪተዉ ድረስ ወሬውን በሆዳቸው ይዘው ቆዩና አንድ ቀን ስልካቸውን አንስተው ለሁለቱም ልጆቻቸው ለየብቻ ደወሉ።

«እሁድ ጠዋት እንዳትቀሪ! ጉድ አለ!» አሏት ለሴቷ። ለወንዱም ያንኑ።

ሴቷ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ድምፅዋ ጥሩምባ አያስፈልገውም ይሏታል ባልደረቦቿ። ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ ይሰላል። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆነው ነበር። እሷ «አባባን እኔ ዘንድ ከተማ ላስገባቸው» ትላለች። እሱ ደግሞ «ከጫካው ከነጠልሻቸው ወር ሳይሞላ ትቀብሪያቸዋለሽ» ይላታል። ከዚያ በኋላ እሷ ቅዳሜ፣ እሱ እሁድ እየመጡ አባታቸውን ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌውም ቅዳሜ የሴት ልጃቸውን፣ እሁድ የወንድ ልጃቸውን ሐሜት እያዳመጡ ይኖራሉ።

በዚያ እሁድ ታዲያ ከግቢው በር ላይ ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ።

«ዛሬ የእኔ ቀን ነው፣ እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔን የጠሩኝ አባባ ናቸው። አንተን ማን ጠራህ?»

ሽማግሌው ከውስጥ ጮኹ፦ «ሁለታችሁንም እኔ ነኝ! ግቡና እዩ!»

ማድ ቤቱ ውስጥ፣ በአሮጌ የእንጨት ሳጥን፣ ሁለቱ ቡችሎች እንደ ካልሲ ተጠቅልለው ተኝተዋል። አንደኛው ወፍራም፣ ክብ፣ አፍንጫው ሳይቀር የጠገበ የሚመስል። ሌላው የእሱ ግማሽ ቢሆን ነው። ጆሮው ብቻ የትልቅ ውሻ ነው፤ የተዋሰው ይመስላል።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ስሙኝ። ለከርከሮ ትልቅ ውሻ ነው የሚያስፈልገኝ። ሁለት ቡችላ እያሯሯጥኩ ለማሳደግ ግን ጉልበቴ እንቢ ብሏል። አንዱን አንቺ፣ አንዱን አንተ ውሰዱ። አድገው ሲጨርሱ ትልቁን እኔ እወስዳለሁ፤ ለሌላው ሰው አይጠፋም። ታዲያ በየእሁዱ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እዚህ የበር መቃን ላይ እለካቸዋለሁ። ሳይለኩ ወሬ አልሰማም፤ ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ።»

ሹፌሯ ታላቅ ናትና ቀድማ እጇን ሰደደች፤ ወፍራሙን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ድብ ነው ስሙ! በቃ! የእኔ ድብ!»

ወንድሟ የቀረውን በአንድ መዳፉ አነሳው። ቡችላው አውራ ጣቱን መጥባት ጀመረ።

«አባባ፣ ይሄ ምኑ ውሻ ነው? ጭራሮ ነው እንጂ።»

«ጭራሮ ነው እሳት የሚያስነሳው» አሉ ሽማግሌው። የቡችላውን እግር በሁለት ጣታቸው ይዘው ገላበጡ። «መዳፉን እየው፤ ሰፊ ነው። ቆዳውንም እየው፤ የታላቅ ወንድም ኮት ያለበሱት ይመስል ተርፎታል። ይሄን ቆዳ የሚሞላ ሥጋ ከሆነ ቦታ መምጣቱ አይቀርም። አባትየው የመጋዘኑ ዘበኛ ውሻ ነው፤ በር ላይ ሲቆም ግመል የሚያህለው። እናትየው ደግሞ ያቻት፤ አጭር፣ ግን ደረቷ በርሜል። ማን ወደማን እንደሚሄድ ማን ያውቃል?»

ውድድሩ እንዲህ ተጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የሹፌሯ ነበሩ። ድብ በየእሁዱ ሲመጣ ከበፊቱ ሌላ ውሻ ነው። ሽማግሌው መቃኑ አጠገብ ያቆሙትና ትከሻው ላይ መጽሐፍ አጋድመው በቀይ ጠመኔ ያሰምራሉ፤ የጭራሮ በሰማያዊ ነው። ቀዩ መስመር ሽቅብ ይጋልባል፤ ሰማያዊው ከታች ሆኖ ያንጋጥጣል።

«ኧረ እባክህ ወንድሜ፣ ያንተ ቁልቁል ነው እንዴ የሚያድገው?» ትለዋለች፤ ልቧ ቅቤ ጠጥቷል።

ምስጢሯ ምስጢር አልነበረም። ጠዋት እንቁላል በወተት፣ ቀን ጉበት፣ ማታ ሩዝ በሥጋ። የአውቶቡስ መናኸሪያው ምግብ ቤት ደግሞ የአጥንቱን ትርፍራፊ ለእሷ ያስቀምጣል። ሹፌሮቹ ሁሉ የድብ ዘመዶች ሆነዋል። ተቆጣጣሪው ሳይቀር «ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ብሎ ሳይጠይቅ መውጫ ሰዓት አይሰጣትም። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድብ ደረጃውን በቀን ብዙ ጊዜ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ እያለከለከ ይወጣል። «ጡንቻ ያወጣል» ትላለች እሷ።

ጭራሮ በበኩሉ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከሦስተኛው ወንበር ሥር አደገ። አደገ ከተባለ። ደንበኞቹ አፍ አያርፍላቸውም።

«ይሄ ውሻ ነው ወይስ የተጣጠፈ ወንበር?»

«ጆሮውን ቆርጠህ እግሩ ላይ ብትቀጥልለት ይሻላል።»

«ምግብ አትከልክለው እንጂ ወንድሜ!»

ፀጉር አስተካካዩ ምግብ አልከለከለውም። ግን ሚስቱ ቆጣቢ ናት፤ ለቡችላው የምትሰጠው ለክታ፣ በሰዓቱ ነው። «እኔ ውሻ ነው የማሳድገው፤ በሬ አላደልብም» ትላለች። ጭራሮም የቀረበለትን ልሶ ይተኛል። እንቅልፉ አይጣል ነው! ሳሙናው ሲደፋበት፣ ፀጉሩ ሲዘንብበት አይነቃም። ፀጉር አስተካካዩ ቀስ እያለ ሲመለከተው ግን ሌሊት የሆነ ነገር እንደሚካሄድ ያያል። አንድ ጠዋት የኋላ እግሮቹ ረዝመው ከፊቱ ይልቅ ቂጡ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ በሳምንቱ ፊቱ ይደርስበታል። ጉልበቶቹ ላይ ለውዝ የተቀበረ የመሰለ እብጠት ይወጣል፤ ሰንበት ብሎ እብጠቱ ይጠፋና እግሩ ረዝሞ ይገኛል። የወተት ጥርሱን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ እየጣለ ብሩሽና የወንበር እግር አኘከ። እሁድ ሲለካ ግን ያው ከድብ በታች ነው።

በዚህ መሃል ድብ አነከሰ።

መጀመሪያ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደረጃው ላይ እምቢ አለ፤ የፊት ግራ እግሩን አንጠልጥሎ በጥያቄ ዓይን ያያታል። ሹፌሯ ፈረቃዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ፣ ድብን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በታክሲ ወደ እንስሳት ሐኪም በረረች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች። እግሩን ከትከሻው እስከ ጥፍሩ ድረስ ቀስ አድርጋ ዳበሰችው፤ ራጅ አነሳችው፤ ሚዛን ላይ አቆመችው፤ ከዚያ ሹፌሯን ቀና ብላ አየቻት።

«ምንድን ነው የሚመግቡት?»

ሹፌሯ በኩራት ዘረዘረች። ጉበቱ ላይ ስትደርስ ሐኪሟ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች፤ አጥንቱ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲህ አይደንግጡ፤ በጊዜ መጥተዋል። አጥንቱ ገና ለጋ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያድግበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ገና እንዳልደረቀ ሲሚንቶ ያስቡት። እርስዎ ደግሞ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ፎቅ ጫኑበት።»

«ትልቅ እንዲሆን ብዬ ነው እኮ!» አለች ድብን ወደ ደረቷ እየሳበች።

«የሚሆነውንማ ይሆናል። ቁመቱን የሚወስንለት በአብዛኛው ዘሩ ነው፤ እናቱና አባቱ። ምግብ በጣም ቢያንሰው ይቀጭጫል። ሲበዛበት ግን ቶሎ ይከብዳል እንጂ ከተጻፈለት በላይ አይረዝምም። ይህን ያህል የሚሆን የአደን ውሻ ቁመቱን ለመጨረስ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ደረቱ እስኪሞላ ደግሞ ከዚያም ይዘልቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።»

«አውቶቡሱ ተገጣጥሞ ሳያልቅ ተሳፋሪ ጫንኩበት በይኛ!»

ሐኪሟ ሳቀች። «እንዲያ ነው! በሉ አሁን ምግቡን ይቀንሱለት፤ እንቁላልና ጉበቱን ይተዉት። ሩጫና ዝላይ ይቅርበት። ደረጃ ደግሞ በፍጹም አይውጣ፣ አይውረድ።»

«አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው!»

«እንግዲያውስ ይሸከሙታል።»

ድብ ቡችላ ነው እንጂ ክብደቱ የግማሽ ጆንያ ሲሚንቶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ድብን እንደ ሕፃን አቅፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። ሁለተኛ ፎቅ ልትደርስ ስትል ድብ ደረጃውን የሚወጣ ጎረቤት አየና በደስታ ተወራጨ፤ ሚዛኗ ተናግቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፤ ቀስ ብላ ተንሸራትታ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ድብ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ አገጯን ይልሳል። ወደ ታችም ወደ ላይም መሄድ አቃታት። አውቶቡሷ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል። ስልኳን አወጣች፤ ስሙን አየችው፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ደወለች።

«አቤት እትዬ» አለ ወንድሟ፤ ድምፁ በእንቅልፍ የታፈነ። በዚህ ሰዓት ደውላለት አታውቅም። «አባባ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እኔ ነኝ... ደረጃ ላይ ነኝ። ድብ ታሟል። ላነሳው አልቻልኩም።» ከዚያ የማይታመነውን ቃል ተናገረች። «እባክህ።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ። ዓይቷት ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያይ ዋጠው። ከቤቷ አንሶላ አመጣ፤ ድብን መሃሉ ላይ አስተኙት፤ እሷ በራስጌ፣ እሱ በግርጌ ያዙት።

«ቀስ! ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!»

«ግራሽ ነው ግራዬ?»

«የሹፌር ግራ!»

«እኔ ወደ ኋላ ነው የምሄደው እኮ፣ እትዬ! የኋላ ማርሽ ግራ የትኛው ነው?»

አንደኛው ፎቅ ላይ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ድብን መሬት አኑረው ተቀመጡ። ድብ ከአንሶላው ውስጥ ራሱን ብቅ አድርጎ እንደ ንጉሥ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ጎረቤቶች በር ከፍተው «ምን ሆናችሁ?» ብለው ቢጠይቁ እየሳቁ ወደ ድብ ጠቆሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉር አስተካካዩ በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት እህቱ ቤት ይደርሳል። ድብን ያወርዱታል፤ እሷ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ እሱ ድብን ይዞት ፀጉር ቤት ይገባል። ድብና ጭራሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ከሦስተኛው ወንበር ሥር ይውላሉ። ማታ እሷ ትመጣና ደንበኛ እስኪያልቅ ወንበር ስባ ትጠብቃለች፤ የከተማውን ወሬ ሁሉ ታመጣለች። ወንድሟም «ባለፈው ያልኩሽን እርሺው» አላለም፤ እሷም «ይቅርታ» አላለችም። አንድ ማታ ብቻ ከኋላው ቆማ መስተዋቱ ውስጥ እያየችው «አባባን ከዚያ ቤት ማውጣት ልክ አይደለም መሰለኝ» አለች። እሱም መቀሱን ሳያቆም «ብቻቸውን መተውም ልክ አልነበረም» አለ። በዚሁ አለቀ።

ውድድሩ ግን አላለቀም! እንዲያውም የጋመው ያኔ ነው።

ድብ ምግቡ ሲቀነስ ሆዱ ገባ፤ ማነከሱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጭራሮ ደግሞ በዚያው ወቅት ፈነዳ! ሌላ ቃል የለውም። እግሮቹ እንደ ሸምበቆ ተመዘዙ። ከሦስተኛው ወንበር ሥር መተኛት ሲያቅተው መጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ ትከሻው ወደ ውጭ ወጣ፤ አንድ ቀን ሲነሳ ደንበኛውን ከነወንበሩ ከፍ አደረገው። ምላጭ ጉንጩ ላይ የነበረ ሰውዬ «የመሬት መንቀጥቀጥ!» ብሎ ጮኸ።

በእሁዱ ሽማግሌው በጠመኔው አሰመሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ሰማያዊው ቀዩን አለፈ» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ማድ ቤቱ መሃል ዘለለ። «ጭራሮዬ! የኔ ሸምበቆ!» ሹፌሯ ጠጋ ብላ መስመሩን በጥፍሯ ፈተሸች፤ አላመነችም፤ ራሷ ደግማ ለካች። እውነት ነው። በሁለት ጣት ያህል።

«ገና ነው!» አለች። «የእኔ ገና አልጨረሰም! ሐኪሟ ነግራኛለች!»

እውነትም አልጨረሰም። ሐኪሟ «አሁን ይሩጥ» ብላ ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው እሁድ ከሰዓት ሁለቱንም ይዘው ወደ ጫካው ዳር ይወጣሉ፤ የቆየ የከርከሮ ቆዳ በገመድ አስረው መሬት ላይ እየጎተቱ ሽታውን እንዲከተሉ፣ ሲያፏጩላቸውም ወደ ኋላ እንዲመለሱ ያስተምሯቸዋል። ጭራሮ ሽታውን አንዴ ካገኘ እንደ ቀስት ነው፤ መዞሪያው ላይ ግን እግሩ ተጠላልፎበት ይገለበጣል፤ ገና አካሉን አልለመደውም። ድብ ቀስ ይላል፤ አፍንጫውን ከመሬት አያነሳም፤ አንድም መዞሪያ አያመልጠውም። ሲመለሱ አሮጊቷ እናት ደጃፍ ተቀምጣ ሁለቱን በየተራ አሽትታ ታሰናብታለች።

ቀዩ መስመር እንደገና ተነሳ። ሰማያዊውን ሊነካው ደረሰ። ሰማያዊው ትንሽ ሸሸው። መናኸሪያው ለሁለት ተከፈለ፤ ፀጉር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ደንበኞች ፀጉራቸው ሳያድግ ወሬ ለመስማት ይመጣሉ። ከዚያ ዓመቱ ዞሮ አንድ እሁድ ሁለቱም መስመሮች ካለፈው እሁድ ጋር ገጠሙ። በቀጣዩም ገጠሙ። በሌላውም። አድገው ጨረሱ።

ፍርድ የሚሰጥበት ቀን ሐኪሟም ልታይ መጣች። ሰማዩ ዝናብ አርግዟል። ጭራሮ ቆመ፤ ከድብ በአንድ ጣት ይረዝማል።

«አለቀ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ።

«ምኑ ነው ያለቀው?» ሹፌሯ ከቦርሳዋ ሚዛን አወጣች፤ እውነተኛ የሰው ሚዛን፣ ከቤቷ ተሸክማ የመጣችው! «አባባ 'ትልቁ' ነው ያሉት፤ 'ረጅሙ' አላሉም። ይመዘኑ!»

ተመዘኑ። ድብ ጭራሮን በአንድ ጥሩ ዱባ ያህል በለጠው። ደረቱ እንደ እናቱ በርሜል ሆኗል።

«ትልቅ ማለት ቁመት ነው!»

«ትልቅ ማለት ክብደት ነው!»

«ኤሌክትሪክ ምሰሶን ትልቅ ነው ትያለሽ፤ ትመዝኚዋለሽ እንዴ?»

«አንተን ትልቅ ሰው የሚልህ አለ? ረጅም ግን ነህ!»

ሁለቱም ወደ ሐኪሟ ዞሩ። ሐኪሟ እጇን አነሳች። «እኔን አታስገቡኝ። አንዱ ወደ አባቱ፣ አንዱ ወደ እናቱ ሄዷል፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።» ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሽማግሌው አገጫቸውን እያሹ መቃኑን ያያሉ፣ ሚዛኑን ያያሉ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የግቢው በር በርግዶ ተከፈተ።

የአትክልት አልሚው ጎረቤት ነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። «ከርከሮ! በቀን ብርሃን! ድንቹን ፈጁት! አጥር ጥሰው ገቡ፤ ልጆቼ ጎጆው ጣሪያ ላይ ወጥተው ነው ያሉት! ድረሱልኝ!»

ትልቁ የማን ነው የሚለው ነገር እዚያው ቀረ። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን አወረዱ። የጎረቤቱ ፒክአፕ ደጅ ቆሟል፤ ሰውዬው ግን ከመቸኮሉ የተነሳ ቁልፉን ማስገባት አልቻለም። ሹፌሯ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከመቀመጫው አስነሳችው። «ዞር በል፤ እኔ ልያዘው!» አባቷ ጎኗ ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩና ጎረቤቱ ከኋላ ወጡ፤ ሁለቱ ውሾች በመሃላቸው። ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ዘለለች። «እኔንስ ጥላችሁ ነው?»

ያ መኪና እንዴት እንደሄደ የተሳፈረ ይንገር። ጭቃው ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ እሷ መሪውን በአንድ እጅ እየመለሰች «ያዙ!» ትላለች፤ ጉድባ፤ «ያዙ!»፤ ድንጋይ፤ «ያዙ አልኩ!» ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱን ውሾች አንገት አቅፎ ቀሪ ነገሩን ለፈጣሪው ሰጥቷል።

ማሳው ጫፍ ሲደርሱ ታዩ። መንጋው ድንቹን እንደ ትራክተር ገልብጦታል። ከፊት አንድ ወንድ ከርከሮ አለ፤ ጎፈሩ ቆሟል፤ ክራንቻው እንደ ማጭድ ይጠማዘዛል። የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ በመሸሽ ፈንታ ራሱን አቀርቅሮ ጎጆውን ተጠጋ። ልጆቹ ከላይ ይጮኻሉ።

«ልቀቃቸው!» አሉ ሽማግሌው።

ጭራሮ ገና ገመዱ ሳይፈታ አየር ላይ ነበር። እነዚያ የተሳቀባቸው እግሮች ተዘረጉ፤ የተጠላለፈ ነገር አልነበረም፤ ማሳውን በጥቂት እርምጃ በልቶ ከርከሮው ፊት ተገኘ። አልነከሰም፤ ጮኸ! እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም። ከርከሮው ወደ እሱ ተወረወረ፤ ጭራሮ ሸሸ፤ ተመለሰ፤ ሸሸ፤ እንዲህ እያደረገ ከጎጆው አራቀው። መንጋው በበኩሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ጫካው ፈረጠጠ። ወንዱ ግን ተናዷል። አንዴ ሲዞር ጭራሮን ጉድባው ጋ አገኘው፤ ከኋላው ውሃ ነው፤ መሸሻ የለም።

«ጭራሮ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከመኪናው እየዘለለ።

ድብ ያኔ ደረሰ። ቸኩሎ አይደለም፤ ከኋላ፣ በራሱ ሩጫ፣ እንደ ተጫነ መኪና። ከርከሮው ክራንቻውን ሲያነሳ ድብ በሙሉ ደረቱ ጎኑን ገጨው። ድምፁ እስከ መኪናው ድረስ ተሰማ። ከርከሮው ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ በጉልበቱ ወደቀ። ተነሳ፤ አሁን አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ነው፤ ወደ ማን ይዙር? ወደ ጭራሮ ሲል ድብ፣ ወደ ድብ ሲል ጭራሮ።

ሽማግሌው ተንበርክከው አነጣጠሩ።  «ወዲህ!» ብለው ጮኸው አፏጩ፤ ሁለቱም ውሾች እንደተማሩት ወደ ኋላ ፈንጠር አሉ፤ ጠመንጃው ጮኸ፤ ከርከሮው እዚያው ጋደም አለ።

 ከዚያ ልጆቹ ጎጆው ላይ ሆነው አጨበጨቡ፤ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ሹፌሯ ድብን አቅፋ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣለች። ፀጉር አስተካካዩ ጭራሮን ከራሱ እስከ ጭራው እየዳበሰ ያለቅሳል፣ ይስቃል። የጭራሮ ጆሮ ጫፍ ተቀዷል፤ ሐኪሟ እዚያው መኪናው ላይ ሰፋችው። «እድለኛ ነህ» አለችው፤ «ጆሮ እንኳን ተርፎሃል።»

ቤት ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ሽማግሌው በደስታ ጉንጫቸው እንደ ጎረምሳ ቀልቷል። «ወሰንኩ!» አሉ። «ሁለቱንም እወስዳለሁ! ጉልበቴም ቢሆን ይችላል!»

ሹፌሯና ፀጉር አስተካካዩ ተያዩ።

«አልሰጥም» አለች እሷ።

«እኔም አልሰጥም» አለ እሱ።

«እንዴት? እኔ ቤት የተወለዱ ውሾች ናቸው! ውላችን ነው!»

«አባባ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ከእህቱ ትከሻ ጋር ገጥሞ፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል እያሉን አልነበር ያሳደጉን? እኔና እትዬ ጋ ነው የበሉት።»

«ደግሞ የእኔ ከሚገባው በላይ ነው የበላው» አለች ሹፌሯ።

ሽማግሌው ወደ ሐኪሟ ዞሩ፤ ሐኪሟ ጣሪያውን ታያለች። ወደ ጎረቤቱ ዞሩ፤ ጎረቤቱ ጫማውን ያያል። ሁለቱ ልጆቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተው፣ በአንድ አፍ ሆነው ሲቃወሟቸው እያዩ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ቁጣው ግን ጢማቸው ሥር ፈገግታ ሆኖ ቀረ።

«እሺ፤ እኔስ ምን ልሁን?»

«እርስዎማ ባለጠመንጃ ነዎት» አለች ልጃቸው። «ከርከሮ ሲመጣ ይደውላሉ፤ እኛ ውሾቹን ይዘን እንመጣለን። ሲያሰኝዎት ደግሞ እርስዎ ይመጣሉ፤ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሱ ጋ ያድራሉ።»

«አራተኛ ፎቅ?»

«ካቃተዎት በአንሶላ እናወጣዎታለን» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌው አንዳንድ ዓርብ ከጫካ ዳር ተነስተው የልጃቸውን አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ከሹፌሯ ጀርባ ካለው ወንበር ሌላ አይቀመጡም፤ ሰው ከያዘው ቆመው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ከርከሮ በመጣ ቅዳሜ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ሦስቱም፣ ውሾቹም፣ የአትክልት አልሚው ፒክአፕ ውስጥ ተጨናንቀው ይገኛሉ፤ ማን ከፊት ይቀመጥ በሚል ክርክር መኪናው ሳይነሳ ፀሐይዋ ትቀድማቸዋለች።